ክቡራን የኬጂ ምሩቃን፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ሰሞኑን ስልካችን በምርቃት ጋውን ፎቶ ተጥለቅልቋል። አራት ጥርስ የወለቀባቸው ምሩቃን አበባ ታቅፈው ይስቃሉ። እልል በሉ፣ አገር ምሁር አገኘች!

ይቺ ኬጂ የምንላት ነገር መነሻዋ ጀርመን ነው። ፍሬድሪክ ፍሮቤል የሚባል አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1840 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለከፈተው የሕፃናት መዋያ ስም ሲያወጣ ልጆችንና የአትክልት ቦታን አንድ ላይ ሰፍቶ «ኪንደርጋርተን» አለው። የዋህ ሰው! ስሙን አምኖት ለየልጁ መደብ ሰጥቶ አፈር አስቆፈረ። የክር ኳስና የእንጨት ኩብ እየሰጠ አጫወታቸው፣ አዘመራቸው። ጋውን ማከራየት ትዝ ያላለው ሰው ነው።

እኛ ግን አዘመንነው። ስሙን በሁለት ፊደል ጨረስነው፣ አትክልቱን ሲሚንቶ ለበጥንበት።

ምርቃቱንማ ተዉት! ቆቡ አፍንጫ ድረስ ስለሚወርድ ተመራቂው መድረኩን በዳበሳ ያገኘዋል። የክብር እንግዳው «አገር ከእናንተ ብዙ ትጠብቃለች» ሲሉ ከፊት ወንበር «ሚስ፣ ሽንቴ መጣ!» የሚል ምላሽ ይሰማል። ከዚያ ሜዳሊያ። ክፍሉ በሙሉ አንደኛ ስለወጣ ሁለተኛ የሚባል ልጅ የለም። ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ በሪባን የታሰረ ባዶ ወረቀት ይዞ ፎቶ፣ ከዚያ አባት «ልፋታችን ፍሬ አፈራ» ብሎ ፖስት ያደርጋል። የሚቀረው ዳይፐር የተሰናበቱትን በማዕረግ ማስመረቅ ነው፤ እሱም ይመጣል፣ ክፍያው ብቻ ይወሰን።

ቀልዱ ይቅር። የአራት ዓመት ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ እየጣላት፣ እርሳስ ለመያዝ ጣቷ ገና ሳይጠና፣ «ገጹን ሳትሞዪ አትተኚም» ስትባልና እንባዋ ደብተሩን ሲያርሰው ዝም ብሎ የሚያይ ወላጅም፣ ያንን የቤት ሥራ የሰጠ ትምህርት ቤትም ሊያፍር ይገባዋል። ነውር ነው! በዚያ ላይ እኮ ከፍለንበት ነው።

ያኔ ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕራሻ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1851 ኪንደርጋርተንን አግዶ ነበር። የፍሮቤልን ሐሳብ ከወንድሙ ልጅ ጽሑፍ ጋር አምታቶ፣ ሶሻሊዝምና ፈጣሪን መካድ ያስተምራል ብሎ ነው። ሰውዬው በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። ፕራሻዎች ሞኞች ናቸው፣ በአዋጅ ምን አደከማቸው? ኬጂ 1፣ ኬጂ 2፣ ኬጂ 3 ብለው ከፋፍለው፣ የመግቢያ ፈተና አውጥተው ለኛ ባለሀብቶች ቢሰጡት እኮ በአንድ ሴሚስተር ድራሹ ይጠፋላቸው ነበር።