«ልጁ ምን አድርጎት ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት

በፋሲካ ማግስት ለእንግድነት በሄድንበት ግቢ ውስጥ የአራት ዓመት የእህቴ ልጅ ጉንጩን በውሻ ተነከሰ። ውሻው የጎዳና ውሻ አልነበረም፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በዚያው ግቢ ያደገ፣ የቤቱ ልጆች በስሙ የሚጠሩት ነው። ከበጉ የተረፈ አጥንት ተጥሎለት በሰንሰለት እንደታሰረ ይግጥ ነበር። ሕፃኑ ሊዳብሰው ጎንበስ ሲል ውሻው መጋጡን አቆመ፤ ሰውነቱ ደረቅ አለ፤ ራሱን ሳያነሳ በዓይኑ ጠርዝ አየው። ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ልጁ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ሲጮህ አባወራው መጀመሪያ የተናገሩት «ምን አድርጎት ነው? እሱ እኮ ሰው አይነክስም» የሚል ነበር።

ጥያቄው መቅረብ የነበረበት ለሕፃኑ አልነበረም። ውሻ ከመናከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ በመጨረሻም ያጉረመርማል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን አያነብም፤ እንዲያውም ፍቅሩን የሚገልጸው አንገቱን በማቀፍና ዓይን ዓይኑን በማየት ሲሆን፣ ውሻው ግን ይህን እንደ ዛቻ ሊቆጥረው ይችላል። ቁመቱም አጭር ስለሆነ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር ትይዩ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ያጉረመረመን ውሻ እንመታለን፤ እንስሳው ከዱላው የሚማረው ግን ማስጠንቀቂያውን መተው እንጂ መናከሱን መተው አይደለም።

የአስተዳደጋችን ነገር ከዚህም ይብሳል። በከተሞቻችን ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለጥበቃ ነው፤ ቀን በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፣ «ኃይለኛ» እንዲሆን ተብሎም ከእንግዳ ሰው ይርቃል። ቡችላ ሰውንና ሕፃናትን የሚለምደው በተለይ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ያን ጊዜ ታስሮ ያሳለፈ ውሻ እንግዳ ልጅ ሲቀርበው ይፈራል፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ሸሽቶ እንዳይሄድ ስለሚይዘው የቀረው መከላከያ ጥርሱ ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚለው ቃል በሕግ ፊት መከላከያ አይሆንም። በተግባር ግን ነገሩ በሽምግልና፣ የሕክምና ወጪ በመክፈል ያልቃል። እርቁን አልቃወምም፤ የሚያሳዝነኝ ከእርቁ በኋላ ውሻው ወደዚያው ሰንሰለት መመለሱ ነው።

ከቁስሉ ይልቅ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ተጠርጣሪ በሆነ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በዚያ ቀን አንዲት እናት የተፈጨ ቡና ይዘው ሮጡ፤ እህቴ ግን ልጇን ቧንቧ ሥር ወስዳ ቁስሉን በሳሙና ታጥበው ጀመር። ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው የሚገባው። ወጣቶች ውሻውን ሊገድሉት ድንጋይ አነሡ፤ ይህም ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱም የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ጤናማ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የልጁ ክትባት ግን ያንን ቀን አይጠብቅም። አባወራውን የውሻውን የክትባት ካርድ ስንጠይቃቸው አልነበራቸውም፤ ውሻው በሕይወቱ አንድም ጊዜ አልተከተበም።

ልጁ መርፌውን ጨርሶ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ጉንጩ ላይ አለ። ያን ቀን በግቢው ውስጥ ስምንት አዋቂዎች ነበርን፤ እንግዳ ልጆች እንደሚመጡም ከጠዋቱ ይታወቅ ነበር። ውሻውን ከነአጥንቱ ወደ ጓሮ ወስዶ በሩን መዝጋት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር።