ይድረስ ለክቡር የቃሊቲ መንገድ ጭንቅንቅ

ከሳሪስ አቦ እስከ ቱሉ ዲምቱ
ባሉበት (መቼስ የትም አይሄዱም)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከወገቤ፣ ከጉልበቴና ሌሊት ሌሊት ከሚያስለኝ የናፍጣ ጭስ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐዋሳ ስንነሳ ሐሳባችን ቀላል ነበር። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰን ሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን አልን። እርስዎ ግን እንግዳ ወዳድ ነዎትና ቃሊቲ ላይ «በሞቴ አታልፉኝም» ብለው ያዙን። (የእርስዎ ሞት ለእኛ ተስፋ እንጂ መሐላ እንዳልሆነ ቢያውቁት ጥሩ ነው።) ለዓሣ ባዶ ያቆየነውን ሆድ በመስኮት በሚሸጥ ቆሎ ሞሉልን። ውሃም አለ፣ ሶፍትም አለ፣ የስልክ ቻርጀርም አለ። የሌለው መንገድ ብቻ ነው።

ኃይልዎንስ ማን ይክዳል! በቀኛችን አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ቆሟል። «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያተረፈ መኪና እርስዎ ፊት ሲደርስ እንደ ፋሲካ በግ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በግራችን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ፣ ከፊታችን ቪኤይት፣ ከኋላችን ሚኒባስ። ሀብታምና ድሃ ሳይለዩ ሁሉንም እኩል ያስቀምጣሉ፤ ይህን ያህል ፍትሕ ሌላ ቦታ አላየሁም። ብቻ ሳይረን የሚያስጮህ አጀብ ሲመጣ ድንገት ጎንበስ ብለው መንገድ ይለቃሉ። ለካ መንቀሳቀስ ይችላሉ!

ደጋፊዎችዎም ብዙ ናቸው። መሐንዲሱ ያሰመረው መስመር ስለማይበቃዎ የእኛ ሰው አንድ በአቧራው በኩል፣ አንድ ደግሞ ከፊት ለፊት በሚመጣው ወገን ላይ ይጨምርልዎታል። ከዚያ አፍ ለአፍ ይገጥሙና «አንተ ወደ ኋላ በል»፣ «አንተ በል» ይባባላሉ። የእኛ ሾፌር እነሱን «ሥርዓት የለሽ» እያለ ሲሳደብ ቆይቶ፣ ስድቡን ሳይጨርስ እሱም አቧራው ውስጥ ገባ። ሦስት መኪና ቀደምን። ከዚያ ለመመለስ የሚያስገባን ጠፋ።

እንደምንም ቱሉ ዲምቱ ደረስን። የአዳማው ፈጣን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ተብሎ ተጨብጭቦለታል፤ ይገባዋልም። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሰዓት 120 ይፈቅዳል፣ ሰውም ከብትም አይገባበትም። ግን ወደ እሱ ለመድረስ በእርስዎ ደጅ ማለፍ ግድ ሆነ። ለእሱ ብር እንከፍላለን፣ ለእርስዎ ዕድሜ። እሱ እንኳ ደረሰኝ ይሰጣል።

አንድ ልመና አለኝ፦ እሑድ ማታ ስንመለስ ሊቀበሉን አይውጡ። አንቀየምም።

ከማይንቀሳቀስ ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመኪናችን ፍሪሲዮን (ነፍስ ይማር)
ለሐዋሳው ዓሣ ጠባሽ፣ «ጨርሰናል» ብላ በሩን ለዘጋችብን
ከኋላችን ያለማቋረጥ ጥሩንባ ለሚነፋው ወንድማችን፣ የት ልግባልህ?