አቦል፣ ቶና፣ ልጣጭ

የጁስ ቤቱ ልጅ «ለበግ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አልተቀየምኩትም። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ክራቫት ያሰረ የሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮ መልስ ጎራ ብሎ፣ ጁስ ሳያዝ፣ «የብርቱካን ልጣጭ ካላችሁ እባክህ ስጠኝ» ቢል ማንም ሰው ቀድሞ የሚታየው በግ ነው። «አይ፣ ለራሴ ነው» አልኩት። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህች እውነት ነው። «አዎ፣ ለበግ ነው» ብዬ ቢሆን ኖሮ በሰላም ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ጅማ ትልቅ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አየር ማረፊያ አላት። ወሬ ግን ከአጂፕ ተነሥቶ ኮቺ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም። በማግስቱ የዕድራችን ጸሐፊ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ወንድሜ፣ ቤት ሰላም ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆች ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«ደመወዝ ይገባል?»

«ይገባል፤ ወዲያው ይወጣል እንጂ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ዕድር ለቀብር ብቻ የተቋቋመ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ» አለኝና ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ሄደ። ቀብሬን ለጥቂት ጊዜ ያዘገየልኝ ያህል ተሰማኝ። ማታ ደግሞ የግቢያችን ባለቤት እማማ በክዳን የተሸፈነ ሽሮ ላኩልን። ሽሮው ጥሩ ስለነበረ፣ ወሬውን ማስተባበሉን ለማግስቱ አሳደርነው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ልደት ነው። አሥር ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት ስልክ ላይ አንድ ኬክ አይታ መጣች። ኬኩ ከጭብጥ አይበልጥም፤ አናቱ ላይ እንደ ወርቅ ሐብል የሚያብረቀርቅ የብርቱካን ልጣጭ ተጋድሞበታል። «አባዬ፣ ዘንድሮ ቶርታ አልፈልግም። ይህችን ነው» አለች። ሦስት ኬክ ቤት ዞርኩ። ሁለቱ ካፕ ኬክ የሚባለውን ያውቁታል፤ ከላዩ የሚያደርጉት ግን ክሬም ነው። ሦስተኛው ጋ ያለችው ልጅ በትሕትና አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ልጣጩን እኛ የምናውቀው ስንጥለው ነው» አለችኝ። ቦምቦሊኖ ገዝቼ ወጣሁ፤ ባዶ እጅ መውጣት አልወድም።

ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። የልጆቼ እናት ውሳኔዬን ስትሰማ ምንም አላለችም። ዝምታዋን ለአሥራ ሁለት ዓመት አጥንቼዋለሁ፤ ይህኛው «ማጀቱን ማን ሊያጸዳው ነው?» የሚለው ነበር።

ለልጣጭ ብሎ ሦስት ኪሎ ብርቱካን መግዛት በእኔ ደመወዝ አይታሰብም። ጁስ ቤት ግን ልጣጩ በባልዲ ይደፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ተረቱ፤ ስለ ሃምሳ ልጣጭ ያለው ነገር የለም። ሎሚማ ክብሩ ብዙ ነው፤ በጥምቀት ለኮረዳ ይወረወር ነበር። ልጣጭ ወርውሮ ሚስት ያገኘ ሰው ግን አልሰማሁም። ለነገሩ ልጣጭ በመጣል እኛን የሚያህል የለም። የእሸት ቡናውን ቀይ ቆዳ በመፈልፈያ ገፈን ወንዝ ዳር እንከምረዋለን፤ ፈረንጆች ያንኑ ቆዳ አድርቀው እንደ ሻይ እያፈሉ ዶላር ይከፍሉበታል። ሐረር ያሉ ወገኖቻችን እንኳ ገለፈቱን ከወተት ጋር አፍልተው መጠጣት ያውቁበታል። የእኛ ክብር ለፍሬው ብቻ ነው።

በሙያው ረገድ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ትርንጎ ነው። ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ጭማቂ የለሽ፤ መላ አካሉ ልጣጭ ነው ማለት ይቻላል። ጣልያኖች የትርንጎ ልጣጭ በስኳር ማብሰል በአገራቸው የቆየ ሙያቸው ነው። እዚህ አምስት ዓመት ሲቀመጡ ፓስታውን አስለመዱን፣ ይኸኛውን ግን ይዘውት ሄዱ። የሐሙስ ገበያ ዕለት ሂርማታ ወርጄ ትርንጎ ፈለግሁ፤ የቀናኝ ግን ሎሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው የጁስ ቤቱ ብርቱካን።

አሁን ስለ ልጣጩ ልናገር፤ በዚህ ዓለም ላይ ከሒሳብ ሌላ አውቃለሁ የምለው ነገር ይኸው ብቻ ነው። መዓዛው ያለው በላይኛው ቆዳ ላይ፣ ዓይን ሊያያቸው በማይቸገር ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ምሬቱ ደግሞ ነጩ ላይ ነው። ልጣጩ በደንብ ይታጠብና የትንሽ ጣት ያህል ስፋት እየተደረገ ይቆረጣል፤ ነጩ ከበዛ በቢላዋ ይቀነሳል። ከዚያ ይቀቀላል፤ ውኃው ይደፋል። እንደገና ይቀቀላል፤ ይደፋል። ሦስተኛም እንዲሁ። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በቡናው የሚናፈቀው አቦል ነው፤ የልጣጭ አቦል ግን ጠላትህን እንኳ የማታጠጣው መራራ ነው። ልጣጭ ሰው የሚሆነው በበረካው ነው።

ቀጥሎ የልጣጩን ያህል ስኳር ከግማሹ ውኃ ጋር ተጥዶ፣ ልጣጩ እዚያ ውስጥ በዝግታ ይንተከተካል። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምጽፈው። ስኳሩን የልጆቼ እናት ከሸማቾች ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያመጣችው ነው፤ እኔ ደግሞ ለሻይ የተቆጠረውን ስኳር የቆሻሻ ባልዲ ለቀረበው ነገር አፈሰስኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጣጩ ጠርዙ ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ፤ ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳየው የእማማን የዶሮ ቤት በብርቱካንማ ቀለም አሳየኝ። ወንፊት ላይ ደርድሬ አሳደርኩት። ሌሊት ጉንዳን ተሰልፎ መጣ። ያንን ልጣጭ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ዋጋውን ያወቀለት ጉንዳን መሆኑ ይመዝገብልኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የኬኩ ተራ ደረሰ። የብርቱካኑን ቆዳ በመፈቅፈቂያ ፍቄ ከስኳሩ ጋር በጣቴ አሸሁት፤ ዘይቱ ስኳሩ ውስጥ ገብቶ ማጀቱ ሸተተ። ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዱቄቱ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ፣ የሎሚ ጠብታው ሁሉ በየተራቸው ገቡ። ኦቨን ከጎረቤት ተውሻለሁ። ሊጡን የማስቀምጥበት ቅርጽ እንደሌለኝ ያወቅሁት ሊጡ ከተቦካ በኋላ ነው።

«ካፕ» በእንግሊዝኛ ኩባያ ወይም ስኒ ማለት ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1828 አሜሪካ ውስጥ በታተመ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ አንዳንዱ ዱቄቱንና ስኳሩን በኩባያ እየሰፈረ፣ ሌላውም ሊጡን በኩባያ እየጋገረ ነው ስሙ የጸናው። ቀና ስል ረከቦቱ ላይ አሥራ ሁለት ስኒዎች ታጥበው ተደርድረዋል። ታሪክ ራሱ የጠራኝ መሰለኝ።

በአራት ስኒ ሞከርኩ። ሊጡ ተነሣ፤ ከስኒው ጠርዝ በላይ ወጥቶ ግራ ቀኙን ተመለከተ፤ ከዚያ እንደተሻረ ሹም ቁልቁል ሰመጠ። ጥፋቱ የከተማዋ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ ገና 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይጸና ከፍ ይልና ይወድቃል። ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈውን መጠን እዚህ መቀነስ ያስፈልጋል። የሰመጡትን አራቱን ልጄና እኔ በድብቅ በልተን ስኒዎቹን አጠብን፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሼ ሌላ ሊጥ አቦካሁና አሥራ ሁለቱንም ስኒ ሞልቼ 180 ዲግሪ ላይ ከተትኳቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶች ገቡ። እማማ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ከእነ ባለቤታቸው፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የልጄ ጓደኞች። ባለ ሦስት እግር በርጩማዎቹ ተያዙ። ቡናው ተቆላ፣ ጭሱ ዞረ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ተጣደ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ኬኩ ገና አሥራ አምስት ደቂቃው ነው። የኦቨኑን በር እንዳልከፍት እጄን በእጄ ያዝኩ፤ የታፈነው ሙቀት ቀሪውን ይጨርስልኛል ብዬ።

ጀበናው ገነፈለ። ወረደ። ሰከነ።

«ስኒዎቼስ?» አለች የልጆቼ እናት።

ጅማ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይባላል። ቡና ሰክኖ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ስኒ ግን ኦቨን ውስጥ ተዘግቶበት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ በሽማግሌም የታየ አይመስለኝም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የዕድሩ ጸሐፊ አየኝ፤ ልጣጩን አስታውሶ፣ አሁን ደግሞ ስኒውን ደምሮ፣ ነገሩ ከድህነት አልፎ ወደ ጸበል እንደተሸጋገረ ገባው።

ኦቨኑን ከፈትኩት። ተነሥተዋል! አልሰመጡም! በጨርቅ ይዤ አወጣኋቸው፤ ትንሽ በረድ ሲሉ በሎሚ የታሸ ስኳር አፈሰስኩባቸውና ልጣጩን በየአናታቸው አጋደምኩ። ልጄ አሥሩን ሻማ ለኮሰች። ያልተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ አንሥታ ወደ ነበልባሉ እጥፍ ስታደርገው ዘይቱ ተስፈንጥሮ ትርር እያለ ተቀጣጠለ፤ ከዋክብት የሚረጭ መሰለ። ሐጂ «አምጪ እስቲ» ብለው ተቀበሏት። አራት ጊዜ ረጩ። ልደቱ የማን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ተረሳ።

ከዚያ ሕጉ ወጣ፤ ያወጣችው የልጆቼ እናት ናት። ኬኩን በልቶ ስኒውን ያስለቀቀ ቡና ይቀዳለታል፤ ያላስለቀቀ ይጠብቃል። ኬክ በዚህ ፍጥነት ሲበላ አይቼ አላውቅም። እማማ ጣፋጭ አልወድም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አቦሉ እንዳያመልጣቸው በሻይ ማንኪያ ቆፍረው ታች ደረሱ። መሐሉ ትንሽ ገንፎ ይላል፤ ማንም አላነሣብኝም፤ አፍ ሁሉ ሥራ ላይ ነበር።

ልጣጩን ግን ሁሉም ወደ ጎን አስቀምጠውት ነበር። ቡናው በእጃቸው ሲገባ፣ አንድ በአንድ፣ በጥርጣሬ ቀመሱት። ዝም አሉ። እማማ ግማሹን ነክሰው ግማሹን በሶፍት ጠቀለሉና ጡታቸው ሥር ሸጎጡት፤ «ለጉሮሮዬ» አሉ። በሰፈራችን አንድ ነገር መጣፈጡ ብቻ አይበቃውም፤ ቢያንስ አንድ በሽታ ማዳን አለበት። ቶናው ሳይቀዳ ልጣጩ ጉንፋን ፈወሰ። በቶናው ላይ ጨጓራና ደም ግፊት ተጨመሩለት። በረካው ላይ የሐጂ ባለቤት ለስኳር በሽታም ሳይረዳ አይቀርም ሲሉ፣ ግማሽ ክብደቱ ስኳር መሆኑን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። «አንተ ዝም በል፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አሉኝ እማማ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ድጋሚ ጠየቀችኝ። ጁስ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ሰው ተሰልፏል። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ልጣጭ ከ10 ሰዓት በኋላ። በኪሎ።» ከሥሩ በሌላ ቀለም «ዱቤ የለም» ተጨምሮበታል። የዕድሩ ጸሐፊ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሲያየኝ ስልኩን አወጣና የማይደውል ስልክ አነጋገረ። የሐጂ የልጅ ልጅ ባልዲ ይዟል።

«በነጻ አልነበረም እንዴ?» አልኩት ልጁን።

«ያኔ ፈላጊ አልነበረውም፣ ጋሼ» አለኝ፣ ሚዛኑን እያስተካከለ።

ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ሁለት ፌስታል ይዘዋል። ዞር ሲሉ እማማ ናቸው። ተያየን።

«ለበግ ነው» አሉኝ።

በግ የላቸውም።