እርማት፦ «የመንግሥት ተቀጣሪ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይችልም» ለሚለው

«ቀጣሪህ መንግሥት ከሆነ ማኅበር የሚባል ነገር የለም» መባሉ የተለያየ ነገር ማደባለቅ ነው። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማይመለከተው የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛውን፣ ፖሊሱን፣ ዳኛውንና በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ መሰሎቻቸውን ነው። የልማት ድርጅት ሠራተኛ ግን፣ ባለቤቱ መንግሥት ቢሆንም፣ በዚሁ አዋጅ ሥር ነው፤ ድርጅቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ሠራተኛው በማኅበር ይደራጃል፣ የማኅበሩ አባላትም ከ10 ማነስ የለባቸውም። የቅጥር ደብዳቤያችሁ የትኛውን አዋጅ እንደሚጠቅስ እዩ፤ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

መደራጀትና አድማ መምታትም ለየቅል ናቸው፦ የመብራትና የውኃ አገልግሎት ሠራተኛ ይደራጃል፣ ሥራ ማቆም ግን ተከልክሏል።

ሲቪል ሰርቫንቱስ፣ ማለትም የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛውስ? ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባዩ የሚፈቅድለትንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ ማኅበር የማቋቋም መብት ሰጥቶታል። «ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል» የሚለው ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው።