ብሉምፎንቴይን የተቆረቆረችው በ1854 አይደለም

“የደቡብ አፍሪካዋን ብሉምፎንቴይንን ቦሮች (በዋናነት የደች ሰፋሪዎች ዘሮች) በ1854 ለሪፐብሊካቸው ዋና ከተማ ብለው ቆረቆሯት” የሚለው በብዙ ቦታ የሚደጋገም ስህተት ነው። ከተማዋ የተጀመረችው ከዚያ 8 ዓመት ቀድሞ በ1846 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) ሲሆን ጀማሪውም የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሻለቃ ሄንሪ ዳግላስ ዋርደን ነበር። ዋርደን ቦሮች እንዲሁም የአካባቢው ሕዝቦች ግሪኳዎችና ባሶቶዎች በሚሻሙበት ምድር የጦር ሰፈር ፈለገ። የመረጠው ቦታ ምንጭ ያለው፣ ዙሪያው ገላጣ፣ ወደ ዊንበርግ ከተማ ለሚወስደው መንገድ የቀረበና ፈረስ ከሚጨርሰው በሽታ ነፃ ነበር፤ ለፈረሰኛ ጦር የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

ግራ የሚያጋባው መሬቱ ብሪትስ የተባለ የቦር ገበሬ እርሻ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። በ1848 እንግሊዞች አካባቢውን በይፋ ሲይዙ አስተዳደራቸውን እዚያው አደረጉ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1854 በተፈረመው ስምምነት ለቀው ሲወጡ፣ የቦሮቹ ሪፐብሊክ ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት የተረከበችው የቆመ ከተማ ነው።

በ1910 የተሰጣት የፍርድ መዲናነትም በከፊል ብቻ ይሠራል፦ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እዚያ ቢሆንም፣ የበላዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚያስችለው ጆሃንስበርግ ነው።