ክብደቱን አየሽልኝ?

የአዲስ አበባ ሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ቆሞ ያላየ ሰው ምን አየሁ ይላል! ፈረንጅ ምስኪን ነው፤ አሮጌው ማሽን ሲሞትበት ቁጭ ብሎ መመሪያ ያነባል፣ ያወዳድራል፣ መለዋወጫው በቅርብ ይገኝ እንደሆነ ይጠያይቃል። የእኛ ሰው ምን ቆርጦት! ዓይን አለው፣ ክንድ አለው፣ አሜሪካ የሚኖር አጎት አለው። ከዚህ በላይ ምን ጥናት ያስፈልጋል?

ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቅለት ጨዋነቱን ነው። አሮጌው ማሽን በምን እንደሞተ አይጠይቅም። ኩሽኔታው አልቆ ይሁን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ ተቃጥሎ ይሁን፣ ሳንቲምና የፀጉር ማስያዣ ፓምፑን አንቆት ይሁን፣ ለሟች ክብር ሲባል አይነሳም። "ዕድሜው ነው" ተብሎ ይሸኛል። በማግሥቱ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ ይጠራል፣ ዋጋ ይቆረጥለታል፣ አበቃ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለው ተረት ለማሽን አልተተረተም። የሟቹን በሽታ አጣርቶ ገበያ መውጣት ገና ባልተገዛ ዕቃ ላይ ማሟረት ነው።

ከዚያ ወደ ሱቅ። አንድ ቅዳሜ መርካቶ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሥነ ሥርዓቱን ከጅምሩ ተከታትያለሁ። ባልየው ወደ ማሽኑ ጠጋ አሉ። ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው ላቱን እንደሚጨብጠው ማሽኑን ግራና ቀኝ ጨበጡት፤ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ወገባቸውን ሰበር አድርገው አንዱን ጥግ ከመሬት ሊያነሱ ሞከሩ። ፍንክች አላለም። ፊታቸው በራ።

"ክብደቱን አየሽልኝ?" አሏቸው ባለቤታቸውን።

"ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል እኮ ነው" አለ ሻጩ ጊዜ ሳያጠፋ። "በእናቴ፣ ከመኪና ያወረዱት አራት ጎረምሶች ናቸው። የአሁኑ ዕቃ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ይሄ ግን ብረት!"

ብረት አለ! የፊት በር ያለው ማሽን ሲጨምቅ ከበሮው በደቂቃ 1,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ስለሚሽከረከር፣ እንዳይዘል ፋብሪካው ገንዳው ላይ የኮንክሪት ድንጋይ በቡሎን ያስርበታል። ጋሼ አቅፈው ያደነቁት ኮንክሪቱን ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ ግን ቆየት ይበል። ሲሚንቶ እንዲህ በተወደደበት ከተማ ማሽን ገዝቶ ኮንክሪት የተመረቀለት ሰው አዋቂ እንጂ ሞኝ አይባልም።

ሚስትየውም ዝም አላሉም። "ስንት ኪሎ ነው?" አሉ። ሰባትም አለ፣ አሥራ ሁለትም አለ። እዚህ ላይ ማመንታት የለም፤ ለሦስት ሰው ቤተሰብ አሥራ ሁለት! ኪሎው የሚቆጠረው በደረቅ ልብስ መሆኑን፣ ሦስት ሰው ያን ከበሮ ለመሙላት ስንት ቀን ማጠራቀም እንዳለበት የሚያነሳ ክፉ ጎረቤት መቼም አይጠፋም። እንግዳ ቢመጣስ? ሠርግ ቢሆንስ? (ለነገሩ ብርድ ልብስና መጋረጃ በትንሹ ማሽን አይገባም፤ እውነት ለመናገር በዚህ አይፈረድባቸውም።)

"ደግሞ በ95 ዲግሪ ይቀቅላል" ብሎ ጨመረ ሻጩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀረችውን ሦስት ዲግሪ ደንበኛው በእምነት ይሞላታል፤ እምነት ደግሞ አንሶን አያውቅም። ለምሳሌ ጋራንቲውን ተመልከቱ። ጋሼ "ችግር ቢኖርስ?" ሲሉ ሻጩ ስልክ ቁጥሩ በወርቅ ቀለም የታተመበትን ካርድ ሰጣቸው። "በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ፣ የራሴ ቁጥር ነው!" ከዚህ ወዲያ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጠየቅ የሰው ፊት መግረፍ ነው።

ከሱቅ መግዛት የማይመጥነው ደግሞ አለ። ለእሱ የአሜሪካው አጎት በኮንቴይነር ይልክለታል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። "ትራንስፎርመር ይገዛለታላ!" ይባላል፤ ይገዛለታል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን እንደማይነካው የተናገረ ኤሌክትሪሺያን ምቀኛ ተብሎ ሻይ ሳይቀርብለት ይሸኛል። ማሽኑ የአሜሪካ ነው። ባይሠራም የአሜሪካ ነው።

የጋሼ ማሽን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰ እንበል። ጫኝና አውራጆቹ የጠየቁት ሒሳብ የራሱ ዓምድ ስለሚገባው እንለፈው። የባኞ ቤቱ በር ጠባብ፣ ማሽኑ 60 ሴንቲ ሜትር። በር ቀድሞ መለካት የጠርጣራ ሰው ጠባይ ስለሆነ ማንም አልለካም። ሳሎን ገባ። እሰይ! ባኞ ቤት ቢገባ ማን ያየው ነበር?

ከጀርባው ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ቡሎኖች አሉት። ፋብሪካው ገንዳው በመንገድ ላይ እንዳይላጋ ያሰረበት ነው፤ ከመጀመሪያው እጥበት በፊት በቁልፍ ተፈትተው መውጣት አለባቸው። የእኛ ሰው ግን ፋብሪካ ያጠበቀውን የሚፈታ ባለጌ አይደለም። የመቆጣጠሪያውን ላስቲክ እንኳ እስኪበጫጨቅ የማያነሳ ሰው ቡሎን ሊፈታ? እናም ማሽኑ መጭመቅ ሲጀምር ከቦታው ይነሳል፣ ወደ በሩ ይራመዳል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የመጣውን መንቀጥቀጥ ያልረሳው የታች ቤት ሰው ልጆቹን አንጠልጥሎ ደረጃ ይወርዳል። ላይኛው ቤት ግን ደስታ ነው። "አየሽ ኃይሉን!"

ውሃውስ? ብዙ ማሽን ውሃ ለመቀበል ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋል። አንድ ባር የሚገኘው ወደ 10 ሜትር ከፍታ ካለው ውሃ ነው፤ ጣራ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ከማሽኑ ቧንቧ የሚበልጠው በ2 ሜትር ብቻ ከሆነ ያለን 0.2 ነው። ማሽኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ጽፎ መጮህ ይጀምራል። ትንሽ ፓምፕ ቢገጠምለት ዝም ይል ነበር። ወይም ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ቢገዛ በባልዲ ይሞላል፤ የሚቃጠል ቦርድ የለውም፤ በጣት የሚዞር ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ግን እሱን ማን ይደፍራል? እንግዳ ፊት በባልዲ እየቀዱለት! ስታብላይዘርም እንዲሁ፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቦርዱን ከመቃጠል ሊያድን ይችላል፣ ግን አያምርም። በእሱ ፋንታ ለማሽኑ ዳንቴል ይሠራለታል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል። ለእጅ እጥበት የሚሆነው ዱቄት ሳሙና ተሞልቶበት አረፋው በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ ወዲህ ደግሞ ልብሱ ተመልሶ ሳፋ ገብቷል። ማሽኑ አርፏል። እንዲህ የተከበረ ዕቃ በየሳምንቱ ማሠራት ነውር ነው።

በዚህ ሁሉ ቅር የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠጋኙ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ካቻቪቴውንና የኩሽኔታ ቆርቆሮውን ይዞ የተሰደደ አንድ ጠጋኝ አውቃለሁ። ባለፈው ስጎበኘው አንድ ገንዳ በመጋዝ እየሰነጠቀ ነበር።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ኩሽኔታው አልቆ ነዋ። ድሮ ገንዳው በቡሎን ነበር የሚታሰረው፤ ፈታህ፣ ቀየርክ፣ ገጠምክ። የአሁኑ ብዙው ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ለአንድ ኩሽኔታ ሙሉ ገንዳ ግዛ ትባላለህ፣ ገንዳው ከተገኘ! ስለዚህ እሰነጥቀዋለሁ፣ መልሼ በማጣበቂያና በቡሎን እገጥመዋለሁ። ይያዝ አይያዝ እግዜር ነው የሚያውቀው።"

"ሳይገዙ በፊት ቢጠይቁህስ?"

"በነፃ እነግራቸው ነበር! የትኛው ይፈታል፣ የትኛው ይጣበቃል፣ የየትኛው ፓምፕና ጎሚኒ እዚሁ ተራ ላይ ይገኛል፣ የየትኛው ቦርድ ከዱባይ ሰው ካልመጣ አይገኝም። ይኼው እኮ ነው ሥራዬ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ያለ ክርክር ከፍለው ይመጡና እኔ ላይ ሁለት መቶ ብር ይከራከራሉ።"

ስልኩ ጮኸ። እጁ ቅባት ስለነበር ድምፁን ለቀቀው። የሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሱቅ ሙዚቃ ይሰማል።

"ወንድሜ፣ እንደምን ዋልክ? ያ ማሽን አልቆለታል ስላልከን ሌላ ልንገዛ ሱቅ ቆመናል። ባለሙያ ሳናማክር አንገዛም ብዬ ነው የደወልኩልህ።"

ጠጋኙ መጋዙን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ተቀመጠ። "ጥሩ አደረጉ እትዬ! ይጠይቁኝ።"

"ነጩ ይሻላል ግራጫው?"

ወደ እኔ አየ። ወደ ተሰነጠቀው ገንዳ አየ።

"የሳሎኑ መጋረጃ ምን ዓይነት ነው፣ እትዬ?"