ገማቾቻችን ይኑሩልን

አገራችን ምን ቢጎድላት በሰው ሀብት ገማች አትታማም። ኦዲተር ደረሰኝ እያገላበጠ ወር ሙሉ የሚለፋበትን ሥራ የኛዎቹ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሱታል፤ ያውም በነፃ።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መንገድ፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ ዓለም ሕንፃ ከሚታይበት በረንዳ ላይ ሆኜ አንዱን ሊቅ በሥራ ላይ ለማየት ታደልኩ። መርካቶ ቡቲክ ያለው ወዳጃችን ነው። የሯጩን የኃይሌን ሀብት ሊገምት ሶፍት መዘዘና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእስክሪብቶው ጫፍ ፎቅ መቁጠር ጀመረ። መሃል ላይ አውቶቡስ መጥቶ ጋረደው። አልተበሳጨም፤ ስለተጋረደው ሁለት ፎቅ ጨምሮ ቀጠለ።

ከዚያ ወደ ሆቴሎቹ ተሻገረ። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጎንደር፣ አዳማ፣ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ...

«ኧረ የሻሸመኔውና የዝዋዩ በ2012 ተቃጥለው ነበር እኮ» አልኩት።

«ኢንሹራንስ ይከፍላል» አለኝና ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፋቸው፤ አንዴ እንደ ሆቴል፣ አንዴ እንደ ኢንሹራንስ።

የባንክ ዕዳ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር የሚባሉ ነገሮች ሶፍቱ ላይ አልሰፈሩም። የመቀነስ ምልክት የሚያውቅ ገማች ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም የሚያስጠጋው ካፌ አያገኝም።

የሽልማቱ ስሌት ደግሞ ይበልጥ ይራቀቃል። ጥር 2000 ዓ.ም. ዱባይ ላይ ኃይሌ ማራቶኑን በ2:04:53 አሸንፎ 250 ሺህ ዶላር ወሰደ። የዓለም ክብረ ወሰን ቢሰብር ኖሮ 1 ሚሊዮን ይጠብቀው ነበር፤ ራሱ በርሊን ላይ ካስመዘገበው 2:04:26 በ27 ሰከንድ ዘገየና ቀረበት። ወዳጃችን ግን ሚሊዮኗን ደምሯታል። «ለ27 ሰከንድ ብለው ይከለክሉታል? ዓረቦቹ እንደዚህ አይደሉም» አለ። ለካ እኛ ሰዓት ስናይ እነሱ ሰው ያያሉ!

ደግሞ የምንዛሪውን ነገር እንዳትረሱ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። መንግሥት ብሩን ለገበያ ለቀቀውና በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እኔ ስለ ዘይት ዋጋ ሳስብ ገማቾቻችን ኃይሌን በተኛበት እጥፍ አበለጸጉት። ምን ያህሉ በዶላር እንደተቀመጠ፣ ምን ያህሉ በሲሚንቶና በብረት እንደቆመ መጠየቅ ምቀኝነት ነው።

በጥቅምት 2009 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ «ያለ ጥቅም አይገባም» ብለው አንድ ዜሮ ጨመሩለት። በ2011 ኅዳር ላይ፣ አትሌቶች ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ፣ ሲለቅ «ባይጠግብ አይለቅም» ብለው ሌላ ዜሮ አስከተሉ። ደራርቱ ቱሉ ወንበሩን ስትረከብ ሶፍቱ ወደሷ ዞረ። አሁን ስለሺ ስህን ጋ ደርሷል፤ እሱ ላይ ሥራው ይቀላል፤ ጥሩነሽ ዲባባ ባለቤቱ ስለሆነች በአንድ ሶፍት ሁለት ሰው ይገመታል።

የወዳጃችን የመጨረሻ ድምር ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዜሮዎቹ ከሶፍቱ ጠርዝ አልፈው ጠረጴዛው ላይ ስለቀጠሉ አስተናጋጇ ስትወለውል የተወሰነ ቢሊዮን ጠፍቷል።

እሷ ስትወለውል ነው 2009 ትዝ ያለኝ። የዚያን ዓመት ክረምት ለግብር የተሠራው የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲደረግ ነጋዴው ሁሉ ተንጫጭቶ፣ ሱቅ የዘጋም ነበር። ይኸው ወዳጃችን ቀናት ሙሉ ቡቲኩን ዘግቶ በየቤታችን እየዞረ አልቅሷል። ገማቾቹ በር ላይ ቆመው፣ የተሰቀለ ሱሪ ቆጥረው፣ «ይሄስ ያንተ ነው?» ብለው የጎረቤቱንም መደርደሪያ ጨምረው ሄደዋል። ኪራዩን አልጠየቁ፣ ዱቤውን አልጠየቁ፣ ያልተሸጠውን አልጠየቁ።

«ወንድሜ፣» ይለኝ ነበር እንባው እየቀደመው፣ «ሰው የሰውን ኪስ በር ላይ ቆሞ እንዴት ያውቃል?»

ይህንን ላስታውሰው አፌን ስከፍት እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ፤ ዓይኑ መንገዱ ማዶ ከቆመ አንድ አዲስ ሃዩንዳይ ላይ ነበር።

«የኔ እህት፣» አለ ወደ አስተናጋጇ ዞሮ፣ «ሶፍት ጨምሪልን።»